ባርኮድ ልግዛ ወይስ አይኤስአርሲ? ዘፈን ለምትለቁ የንጽጽር መመሪያ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ድምፃዊ ደወለልኝ። "ጋሼ፣ ባርኮድ ስንት ነው የሚሸጠው?" አለኝ። ዘፈኑ ገና ሚክስ አልተደረገም። ብሩን ግን አዘጋጅቷል። ሰፈሩ ያለ አንድ ሰው "ባርኮድ ከሌለው ዘፈንህን ይሰርቁሃል" ብሎታል። ልጁ ባርኮድን እንደ ዘበኛ ነው ያሰበው።

እኔ የምቀዳው ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅያለሁ። መብራት ሲጠፋ ቡና እናፈላለን። ቆራሌው እየተጣራ ሲያልፍ ቀረጻ እናቆማለን። ስቱዲዮ ለመባል ትንሽ ይቀረዋል። የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ግን መሃል ከተማ ካሉት ስቱዲዮዎች አይለዩም። የትኛውን ኮድ ልያዝ? ከማን ልውሰድ? ልክፈል ወይስ አልክፈል?

የቸኮላችሁ ካላችሁ መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ዘፈናችሁን በኢንተርኔት ብቻ የምትለቁ ከሆነ ባርኮድ አትግዙ። አይኤስአርሲም (ISRC፣ ለተቀዳ ድምፅ የሚሰጥ ዓለም አቀፍ መለያ ኮድ) አትግዙ። ሁለቱንም ዲጂታል አከፋፋያችሁ፣ ማለትም ዘፈናችሁን ወደ ኢንተርኔት የሙዚቃ አገልግሎቶች የሚያደርስላችሁ ድርጅት፣ ይሰጣችኋል። አይኤስአርሲውን ግን በራሳችሁ ደብተር ላይ ጻፉት። ባርኮድ ቢጠፋባችሁ ትናደዳላችሁ እንጂ ሌላ ይገኛል። አይኤስአርሲ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ወደ ታች እነግራችኋለሁ፤ እኔው ራሴ ደርሶብኛል።

ታርጋና መታወቂያ

ከዚህ ሰፈር ስታዲየም ለመሄድ ታክሲ መቀያየር ግድ ነው። እስከ ቃሊቲ አንዱን፣ ከቃሊቲ ሳሪስ ሌላውን፣ ከሳሪስ ደግሞ ሦስተኛውን ትይዛላችሁ። በየደረሳችሁበት የታክሲው ታርጋ ይለወጣል። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው መታወቂያ ግን ያው ነው።

ባርኮድ ታርጋው ነው፤ አይኤስአርሲ ደግሞ መታወቂያው።

ባርኮድ የሚቆጥረው ዕቃውን ነው። አልበሙን በሲዲ ብታወጡት አንድ ባርኮድ ይይዛል። ያንኑ አልበም በሸክላ ብታሳትሙት ሌላ ባርኮድ ያስፈልገዋል። ኢንተርኔት ላይ የሚወጣውም የራሱ አለው። አንድ ዘፈን ብቻ ያለው ነጠላ ዜማ እንኳ እንደ አንድ ዕቃ ስለሚቆጠር ባርኮድ ይሰጠዋል። ሚኒባሱ 12 ሰው ቢጭንም አንድ ሰው ቢጭንም ታርጋው አንድ ነው። (ትርፍ የጫነውን ለትራፊክ ፖሊስ ትተነዋል።)

አይኤስአርሲ ስለ ዕቃው ግድ የለውም። እሱ የሚከተለው የተቀዳውን ድምፅ ነው። ዘፈኑ መጀመሪያ በነጠላ ዜማ ወጣ እንበል። በዓመቱ አልበም ውስጥ ገባ። ከዚያ ለእንቁጣጣሽ ከሌሎች ዘፋኞች ሥራ ጋር ተሰብስቦ ወጣ። ሦስት ዕቃ፣ ሦስት ባርኮድ። የድምፁ ቅጂ ግን ያው ስለሆነ አይኤስአርሲው አንድ ብቻ ነው። የማስተሩን (ያለቀለትን የድምፅ ቅጂ) መብት ለሌላ ሰው ብትሸጡት እንኳ ኮዱ አይለወጥም።

ስለዚህ "ባርኮድ ወይስ አይኤስአርሲ" ብሎ ማማረጥ የለም። በኢንተርኔት ለሚለቀቅ አንድ ዘፈን ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ማማረጥ ያለው ከየት እንደምታገኙዋቸው ላይ ነው። እሱ ጋ ከመድረሳችን በፊት ቁጥሮቹን እንያቸው።

ባርኮዱ ላይ ያለው ቁጥር

ባርኮድ የተፈጠረው ለሙዚቃ አይደለም። ጁን 26 ቀን 1974 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ፣ ኦሃዮ ግዛት ትሮይ በምትባል ከተማ በአንድ ሱፐርማርኬት ነው ለመጀመሪያ ጊዜ በማሽን የተነበበው። የተነበበው ዕቃም የሪግሊ ማስቲካ ነበር። ሙዚቃ በኋላ ነው የተቀላቀለው።

ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። ዩፒሲ የሚባለው 12 አሃዝ አለው፤ በዋናነት የሰሜን አሜሪካ ነው። ኢኤኤን የሚባለው 13 አሃዝ አለው፤ በሌላው ዓለም የሚዘወተረው እሱ ነው። "የቱ ይሻለኛል?" ብላችሁ አትጨነቁ። ዩፒሲው ፊት ዜሮ ስታስቀምጡ 13 አሃዝ ይሆናል። አንድ አልበም አንድ ቦታ በ12፣ ሌላ ቦታ ዜሮ ተጨምሮበት በ13 ቢታይ አንድ ነው እንጂ ሁለት አይደለም።

የመጨረሻው አሃዝ መቆጣጠሪያ ነው። ከፊቱ ካሉት ተሰልቶ ይወጣል። ስሌቱ ቀላል ነው። ከግራ ጀምራችሁ አንደኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አምስተኛውን እያላችሁ በየአንዱ እየዘለላችሁ ደምሩ፤ ድምሩን በ3 አባዙት። የተዘለሉትን ደምሩና ጨምሩበት። ከዚያ ወደሚቀጥለው አስር ለመድረስ ስንት ጎደለ? የጎደለው ነው መቆጣጠሪያው። በ12345678901 እንሞክረው። 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9 እና 1 ሲደመሩ 26፤ በ3 ሲባዛ 78። የተዘለሉት 2፣ 4፣ 6፣ 8 እና 0 ደግሞ 20 ናቸው። ጠቅላላው 98። 100 ለመሙላት 2 ጎደለ። ስለዚህ 123456789012 በስሌት ትክክል የሆነ ዩፒሲ ነው። አያችሁ? ስሌቱ ቁጥሩ ተሳስቶ እንዳልተጻፈ እንጂ የማን እንደሆነ አይነግራችሁም። በቴሌግራም "የሚሠራ ባርኮድ በርካሽ" ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ይህችኑ ስሌት አውቆ ቁጭ ብሎ ቁጥር እያወጣ ሊሆን ይችላል።

ሌላም የተለመደ ስህተት አለ። ሰው ሱቅ ገብቶ የባርኮዱን የመጀመሪያ አሃዞች እያየ "ይሄ የእንትን አገር ዕቃ ነው" ይላል። አሃዞቹ የሚያሳዩት ቁጥሩ በየትኛው የጂኤስ1 ጽሕፈት ቤት በኩል እንደተሰጠ ነው። ጂኤስ1 ዋና መሥሪያ ቤቱ ብራሰልስ ያለ፣ ባርኮዶችን የሚያስተዳድር ድርጅት ነው። ዕቃው የት እንደተሠራ ከቁጥሩ አይታወቅም። አዲስ አበባ የተቀዳ አልበም የአሜሪካ ቁጥር ቢይዝ ምንም ነውር የለበትም።

ለግራፊክስ ዲዛይነሮችም አንድ ነገር አለኝ። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ የባርኮዱን ቋሚ መስመሮች አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ አድርጎ አመጣልኝ። ያምራል። ችግሩ ብዙ የሱቅ ማንበቢያ ማሽኖች ቀይ ብርሃን መጠቀማቸው ነው። በቀይ ብርሃን ሲታይ ቀይ መስመር ከነጩ ወረቀት አይለይም፤ ቢጫውም እንዲሁ። ጠቆር ያለ አረንጓዴ ግን ጥቁር ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ባንዲራውን ካልተውኩ ካላችሁ መስመሩን ጥቁር አረንጓዴ፣ ወለሉን ቢጫ አድርጉት፤ ይነበባል። የምመክረው ግን ጥቁር በነጭ ነው። ግራና ቀኙን ባዶ ተዉለት። ከመደበኛው መጠን ከ80 በመቶ በታችም አታሳንሱት።

አይኤስአርሲ፦ አሥራ ሁለቱ ፊደላትና ቁጥሮች

ይሄኛውን ሰፋ አድርጌ ላውራ፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና።

አይኤስአርሲ እንደ ዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣው በ1986 (እ.ኤ.አ.) ነው። የደረጃ ቁጥሩ አይኤስኦ 3901 ይባላል። የሚያስተዳድረው የዓለም የሙዚቃ አሳታሚዎች ማኅበር የሆነው አይኤፍፒአይ ነው። ኮዱ 12 ቦታ አለው። መጀመሪያ ሁለት የላቲን ፊደላት ይመጣሉ። ቀጥሎ ሦስት ፊደላት ወይም ቁጥሮች፤ አምስቱ አንድ ላይ ሆነው ኮዱን የሰጠውን ወገን ያመለክታሉ። ከዚያ ሁለት አሃዝ ለዓመት፣ በመጨረሻም አምስት አሃዝ ተራ ቁጥር።

ዓመቱ ላይ ቆም በሉ። ዘፈኑ የተቀዳበት ዓመት አይደለም፤ ኮዱ የተሰጠበት ዓመት ነው። ሸክላ ላይ የነበረ የድሮ ዘፈን ዛሬ ኮድ ቢወጣለት የዛሬን ዓመት ይይዛል። የፈረንጆቹ ዓመት መሆኑንም አትርሱ። የራሱ መለያ (እነዚያ የፊተኞቹ አምስቱ) ላለው አንድ ትንሽ አሳታሚ ኮዶቹን የማዘጋጅለት እኔ ነበርኩ። በ2025 በእኛ አቆጣጠር ዓመቱን 17 ብዬ ሞላሁት። ዘጠኝ ዘፈን። በፈረንጅ አቆጣጠር 17 ማለት 2017 ነው፤ 25 መሆን ነበረበት። እንደ ዕድል ሆኖ አሳታሚው በ2017 ምንም አላወጣም ነበር። ቢያወጣ ኖሮ አንድ ኮድ ለሁለት ዘፈን ተሰጥቶ የማንም መላ የማይፈታው ዝብርቅርቅ ይፈጠር ነበር። ኮዶቹን ሳልነካቸው ተውኳቸው። የወጣ ኮድ አይቀየርማ። መለያ እስከሆነ ድረስ ዓመቱ ቢያስቅም ሥራውን ይሠራል።

አዲስ ኮድ የሚያስፈልገው መቼ ነው? ሪሚክስ ከሠራችሁ አዲስ ነው። መድረክ ላይ በቀጥታ ስትጫወቱ የተቀዳው አዲስ ነው። ድምፃዊው ደግሞ ከዘፈነው፣ ለሬዲዮ ካሳጠራችሁት፣ ያለ ድምፅ ሙዚቃውን ብቻ ካወጣችሁት ሁሉም አዲስ ይፈልጋሉ። ክሊፑም ከድምፁ የተለየ የራሱ ኮድ ይኖረዋል። ዘፈኑን ከፋይል ወደ ሲዲ ማስተላለፍ ወይም ድምፁን ትንሽ ከፍ ማድረግ ግን አዲስ ኮድ አያስወጣም። የኛ ቆራሌም አንድ ጊዜ ዋሽንቱ መሃል ገብቶብኝ ነበር። ከመለቀቁ በፊት ስለቆረጥኩት ጉዳዩ በእኔና በቆራሌው መካከል ቀረ።

ብዙ ሰው ኮዱ ፋይሉ ውስጥ የተቀበረ ይመስለዋል። ሲዲ ላይ በማስተሪንግ ጊዜ ከየዘፈኑ ጋር ማስቀመጥ ይቻላል። ኤምፒ3 ላይም የሚጻፍበት ቦታ አለ። የስትሪሚንግ አገልግሎቶች የሚያዩት ግን አከፋፋዩ ጋ በሞላችሁት ቅጽ ላይ ያለውን ነው። አንድ ሰው ዘፈናችሁን ቀድቶ ቴሌግራም ላይ ቢለቅ ኮዱ ተከትሎት ሄዶ አይጮህም። ዩቲዩብ ላይ ኮንቴንት አይዲ የሚባለው አሠራር ሰርቆ የጫነን ሰው ሲይዝ ድምፁን ከድምፅ ጋር አመሳስሎ ነው እንጂ ባርኮድ ፈልጎ አይደለም። የባለቤትነት ጉዳይ በቅጂ መብት ሕግ ነው የሚዳኘው። የእኛው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራው ወጥ ሆኖ በሆነ ነገር ላይ ከሰፈረ ያለ ምንም ምዝገባ ጥበቃ ይሰጠዋል። ለደወለልኝ ልጅም ይሄንኑ ነገርኩት። "ታዲያ ብሩን ምን ላድርገው?" አለኝ። "ሚክስ አስደርግበት" አልኩት።

ኮዱ ለእኛ ከማንም በላይ የሚጠቅምበት ምክንያት ፊደላችን ነው። "ትዝታ" የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል አምስት ሰው አምስት ዓይነት አድርጎ ይጽፈዋል። የዘፋኝ ስምም እንደዚያው፤ አንዱ ሁለት ኤስ ያደርጋል፣ ሌላው ኤች ይጨምራል። "እናቴ" የሚል ርዕስ ያለው ዘፈንማ ስንት ይሆን? ኮምፒውተር በርዕስና በስም ብቻ ቢሄድ የአንዱን ገቢ ለሌላው ይሰጣል። ኮዱ ግን የፊደል ልዩነት አያውቅም።

አይኤስአርሲን ከየት?

አማራጭ አንድ፣ ከአከፋፋይ በነጻ። ዲስትሮኪድም ሆነ ቲዩንኮር ዘፈን ስትጭኑ ኮድ ከሌላችሁ ራሳቸው ያወጡላችኋል። ከአስር ሰው ዘጠኙን የምመክረው ይህንን ነው። "ኮዱ የነሱ ከሆነ ዘፈኑስ የነሱ አይሆንም?" ብለው የሚፈሩ አሉ። አይሆንም። መለያው ኮዱን ማን እንደሰጠ ያሳያል እንጂ የዘፈኑን ባለቤት አያሳይም። ከዚያ አከፋፋይ ብትወጡም ኮዱ ከዘፈኑ ጋር ይሄዳል፤ አዲሱ አከፋፋይ ጋ እሱኑ ታስገባላችሁ።

አማራጭ ሁለት፣ የራስ መለያ ማውጣት። ወኪል ባለበት አገር ከብሔራዊው ወኪል፣ በሌለበት ደግሞ ከዓለም አቀፉ የአይኤስአርሲ ጽሕፈት ቤት ይጠየቃል። ዋጋው እንደየአገሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ጊዜ 95 ዶላር ሲከፈልበት ቆይቷል፤ እንግሊዝ ውስጥ ለመብት አስከባሪው ለፒፒኤል አባላት በነጻ ነው። አንድ መለያ በዓመት እስከ 100,000 ኮድ ያወጣል። ቱሉ ዲምቱ ላይ 100,000 ዘፈን በዓመት አይቀዳም፤ ቁጥሩ አይጎድላችሁም። የሚጎድለው ጥንቃቄ ነው። ተራ ቁጥሩን የምትመዘግቡት እናንተ ናችሁ፤ ከደገማችሁት ጥፋቱ የእናንተ ነው። የእኔን የዓመተ ምህረት ስህተት ተመልከቱ። ይሄ አማራጭ ለአሳታሚ፣ የብዙ ዘፋኝ ሥራ ለሚይዝ ስቱዲዮ ወይም ከአንድ አከፋፋይ ወደ ሌላው ለሚመላለስ ሰው ነው። ነጠላ ዜማ ይዞ ለመጣ ልጅ ሸክም ነው።

ሦስተኛም አለ። ለሌሎች ኮድ እንዲያወጡ የተፈቀደላቸው ወገኖች አሉ፤ ማስተሪንግ የሚሠሩ አንዳንድ ስቱዲዮዎች ይህን ፈቃድ ይይዛሉ። የተፈቀደለት መሆኑን ካረጋገጣችሁ ችግር የለውም።

አሁን ቃል የገባሁትን ልናገር። ከአቃቂ ወዲያ የሚኖሩ አንድ ማሲንቆ ተጫዋች አባት አሉ። ዘፈናቸውን በአንድ አከፋፋይ በኩል አወጣሁላቸው። ዓመታዊ ክፍያውን ውጭ አገር ያለች ልጃቸው በካርዷ ትከፍል ነበር። ካርዱ ጊዜው አለፈ፤ ማንም አላየም፤ ዘፈኑ ወረደ። ሁለት ዓመት ሰው ሲሰማው የነበረ ዘፈን ነው። እኔም "ምን ችግር አለው" ብዬ ሌላ አከፋፋይ ጋ ጫንኩት። አይኤስአርሲ የሚለውን ሳጥን ባዶ ተውኩት። ቅጹ ራሱ አዲስ ኮድ ሰጠው። በማግስቱ ደወሉ። "ልጄ፣ አሁን ስንት ሰው ሰምቶታል?"

ዜሮ።

ለአገልግሎቱ አዲስ የተወለደ ዘፈን ነው። ሁለት ዓመት የተጠራቀመው ቁጥር ከአሮጌው ኮድ ጋር ቀርቷል። ሰዎች በየዝርዝራቸው ያስገቡትም እንዲሁ። አሮጌውን ኮድ ፍለጋ የኢሜይል መዝገብ ውስጥ ሌሊቱን አደርኩ። በመጨረሻ ያገኘሁት አይኤፍፒአይ ለሁሉም ሰው በነጻ በከፈተው የአይኤስአርሲ መፈለጊያ ላይ ነው፤ የርዕሱን አራተኛ አጻጻፍ ስሞክር። አዲሱን አስወርጄ፣ ያንኑ ድምፅ፣ ያንኑ ርዕስ፣ ያንኑ ስም፣ ያንኑ ኮድ አድርጌ ደግሜ ጫንኩት። ከቀናት በኋላ ቁጥሩ ተመለሰ። አባባ "የት ሄዶ ነበር?" አሉኝ። ምን ልበላቸው?

ባርኮድንስ?

እዚህ ላይ መጠየቅ ያለባችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ዕቃው በእጅ የሚያዝ ነው ወይስ አይደለም?

በኢንተርኔት ብቻ ከሆነ አከፋፋዩ የሚሰጠው ይበቃል። አለቀ።

ሲዲ አሳትማችሁ ዝግጅት ላይ በእጃችሁ የምትሸጡ፣ ለዘመድ የምትልኩ ወይም ሰፈር ሱቅ የምታስቀምጡ ከሆነ ደግሞ ባርኮድ ጭራሽ አያስፈልጋችሁም። ባለሱቁ ማንበቢያ ማሽን የለውም። ዋጋውን በብዕር ይጽፍበታል።

ሲዲው ወይም ሸክላው ውጭ አገር ሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ያን ጊዜ የራሱ ባርኮድ ያስፈልገዋል። ለዲጂታሉ የተሰጠውን አትለጥፉበት፤ ሁለቱ የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። አውሮፓ ያለ አሳታሚ ካወጣላችሁ ባርኮዱን እሱ ያመጣል። ራሳችሁ ከሆናችሁ ከጂኤስ1 መውሰድ ነው ቀጥተኛው መንገድ፤ ቁጥሩ በስማችሁ ይመዘገባል። አሜሪካ ያለው ጂኤስ1 አንድ ነጠላ ቁጥር በ30 ዶላር ሲሰጥ ቆይቷል። ከዚያ የሚረክሱ ዳግም ሻጮችም አሉ። ብዙዎቹ የሚሸጡት ከ2002 (እ.ኤ.አ.) በፊት ለሌሎች ድርጅቶች የተሰጡ የአሜሪካ ቁጥሮችን ነው። ማሽን ያነባቸዋል። መዝገብ ላይ ሲታዩ ግን የሌላ ድርጅት ስም ይወጣል። እንደ አማዞን ያሉ ትልልቅ ሻጮች ደግሞ መዝገቡን ያያሉ። ለ100 ሲዲ እንኳን ቢሆን እኔ አልገዛም።

የካታሎግ ቁጥር፣ በነጻ የሚገኘው

ይሄን ሰው ይንቀዋል። የካታሎግ ቁጥር አሳታሚው ራሱ ለሥራዎቹ የሚሰጠው መለያ ነው። ማንንም ማስፈቀድ የለበትም። አምሃ እሸቴ በ1969 (እ.ኤ.አ.) የግሉን ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ሸክላዎቹ "ኤኢ" የሚሉ የላቲን ፊደላትና ቁጥር ነበራቸው። ካይፋ የተባለው ሌላ አሳታሚ ደግሞ "ኬኤፍ" እያለ ይቆጥር ነበር። ባርኮድ በሌለበት ዘመን ሥራውን ሁሉ የሠራው ይህ ቁጥር ነው። ዛሬም ስለእነዚያ ሸክላዎች ሰብሳቢዎች ሲነጋገሩ በዚህ ቁጥር ነው የሚግባቡት።

እናንተም ሁለት ሦስት ፊደል ያዙና ከ001 ጀምሩ። አንድ ቁጥር ሁለቴ አትጠቀሙ። ዋጋው ዜሮ ነው። የእኔ 001 ሰው ሁሉ የረሳው የሰርግ ዘፈን ነው፤ ቢሆንም 001 ነው።

ሸክላ ለምትገዙም ይህ ቁጥር ይጠቅማችኋል። አንድ ሻጭ የ1960ዎቹን (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ሸክላ "የያኔው ኦሪጅናል ነው" ብሎ ዋጋ ቢሰቅልባችሁ ሽፋኑን ገልብጡት። ባርኮድ ካለበት የያኔው አይደለም፤ ኋላ የታተመ ነው። ኋላ መታተሙ ነውር አይደለም፤ አንዳንዱ ድምፁ ከድሮው የጠራ ነው። ዋጋው ግን የድሮው ሊሆን አይገባም። ባርኮድ ከሌለው ደግሞ ሸክላው መሃል በተለጠፈው ክብ ወረቀት ላይ ያለውን የካታሎግ ቁጥርና ከመጨረሻው ዘፈን በኋላ ባለው ባዶ ቦታ ላይ የተጫረውን ጽሑፍ አነጻጽሩ። ከ2000 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለው ዲስኮግስ እነዚህን ቁጥሮች አንድ በአንድ መዝግቧል። አንዱን እትም ከሌላው ለመለየት ከባርኮድ ይልቅ ያች የተጫረች ጽሑፍ ትበልጣለች።

ግጥምና ዜማው ሌላ መዝገብ ነው

እስካሁን ያወራነው ስለ ቅጂው ነው። እኛ አገር ደግሞ ሽፋኑ ላይ "ግጥም፦ እገሌ፣ ዜማ፦ እገሌ፣ ቅንብር፦ እገሌ" ብሎ መጻፍ የቆየ ልማድ ነው። ለግጥምና ዜማው አይኤስደብልዩሲ የሚባል የተለየ ኮድ አለ። በላቲኑ "ቲ" ይጀምራል፤ ዘጠኝ አሃዝና አንድ መቆጣጠሪያ ይከተለዋል። የሚያስተዳድረው የደራሲያን ማኅበራትን በዓለም ደረጃ የሚያሰባስበው ሲሳክ ነው። አንድን ዜማ ሦስት ሰው በየራሱ ቢዘፍነው አይኤስደብልዩሲው አንድ፣ አይኤስአርሲው ሦስት ይሆናል።

ይህን ከአከፋፋይ አታገኙትም፤ በደራሲያን ማኅበራት በኩል ነው የሚመጣው። ሌላ ሰው የደረሰውን ዜማ ከዘፈናችሁ ኮዱን ከመፈለግ በፊት ባለቤቱን ፈልጉ። አይኤስአርሲ ማውጣታችሁ ዜማውን የእናንተ አያደርገውም።

ደብተሩ

የእኔ ደብተር ባለ 50 ሉህ ነው፤ ከታች ካለው ሱቅ የተገዛ። ለእያንዳንዱ ዘፈን አንድ መስመር አለው። ርዕሱ በአማርኛ፣ ከጎኑ በላቲን ፊደል የሞላሁት አጻጻፍ፣ አይኤስአርሲው፣ የወጣበት ዕቃ ባርኮድ፣ የካታሎግ ቁጥር፣ ግጥምና ዜማ የማን እንደሆነ፣ በየትኛው አከፋፋይ እንደወጣ፣ የማን ኢሜይልና የማን ካርድ እንደተጠቀምን፣ ካርዱ መቼ እንደሚያበቃ። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር እጽፋለሁ። ገጹን በስልክ ፎቶ አንስቼ ለባለዘፈኑ እልክለታለሁ።

የማሲንቆው አባባ ስማርት ስልክ የላቸውም። ኮዳቸውን በትልልቁ ጽፌ ሰጠኋቸው። አጥፈው የማሲንቆ ማስቀመጫ ከረጢታቸው ውስጥ ከተቱት።